የመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች

መቶ ሜትር ሩጫን ለማያውቅ ሰው በሦስት ከፍዬ ነው የማስረዳው። መጀመሪያ መነሣት አለ። ቀጥሎ ፍጥነት መሰብሰብ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሰበሰቡትን ፍጥነት ሳያፈሱ መድረስ አለ። ብዙ ሰው ከባዱ መነሣቱ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከባዱ መድረሱ ነው። ሯጭ በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረውን ክር ከሩቅ ሲያየው ሰውነቱ ገና ሳይደርስ «ደረስሁ» ይላል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ክሩን ሳይሆን ከክሩ ወዲያ ያለ ሌላ ነገር እንዲያዩ እመክራቸዋለሁ። ዛፍ ቢሆን፣ አጥር ቢሆን፣ የቆመች ላም ብትሆን ግድ የለም።

አሁን በማስተምርበት ከተማ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ይመስላቸዋል። ያገኘሁት ግን እንጅባራ ነው፤ ከአንድ ተማሪዬና ከአጎቱ ጋር።

እንጅባራ ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። የተላክሁት ሒሳብ እንዳስተምር ነበር። ዲሬክተሩ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ከመሳቢያቸው የሩጫ ሰዓት አውጥተው «ወጣት ነህ፤ ስፖርቱንም አንተው ያዘው» አሉኝ። ሰዓቱ ክብ ነበር፤ በመዳፍ ውስጥ ይገባል። አናቱን ሲጫኑት ይነሣል፣ ሲደግሙት ይቆማል፣ ሲሠልሱት መርፌው ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልለካሁት ነገር የለም። ሰሌዳ ለመጥረግ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ከደወሉ እስከ ሰልፉ ምን ያህል ጊዜ እንደሚባክን፣ የሻይ ውኃዬ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚፈላ፣ ሁሉን ለካሁ። በእንጅባራ ብርድ ውኃው ለመፍላት አይቸኩልም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በቀርከሃ የተከበበ ሜዳ ነበር። በገመድ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አሰርሁና መቶ ሜትር ለካሁ። መስመሮቹን በአመድ ሠራሁ። መነሻው ላይ ለእያንዳንዱ ሯጭ የእግር ጣት የሚደገፍባቸው ሁለት ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አስቆፈርሁ። መድረሻው ላይ ሁለት ቀርከሃ ተክዬ ከገበያ ሴቶች የገዛሁትን ፈትል ወጠርሁባቸው። ሥራዬን ሳየው ደስ አለኝ። የቀረኝ ሯጭ ብቻ ነበር።

ሯጩ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ጢም የሚላጩ ተማሪዎችም ነበሩ። እሱም አሥራ ስምንት ይሁን አሥራ ዘጠኝ ራሱም በትክክል አያውቀውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ይመጣል። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ስለሆነ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው። አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ሒሳብ በቃሉ ሲሠራ ግን ከንፈሩ በአገውኛ ይቆጥራል። እኔ አገውኛ ስለማልችል መልሱ እስኪወጣ ከንፈሩን እያየሁ እጠብቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ትክክል ነው።

ሲሮጥ ድምፅ አልነበረውም። ሌሎቹ ሜዳውን እየደበደቡት ሲመጡ እሱ የሚሰማው ሲያልፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሰዓቱን ሳየው አላመንሁም። ሰዓት በእጅ ሲለካ አውራ ጣት ሊያጠፋ ይችላል፤ ዘግይተህ ካስነሣኸው ሯጩ ከሆነው በላይ ፈጣን ይመስላል። ስለዚህ በማግሥቱ ደገምሁት። ከዚያም በሦስተኛው ቀን። ሦስቱም ጊዜ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ በታች ገባ። ደመወዝ ልቀበል ዳንግላ ሄጄ ስለነበር በዚያ ያለውን ትምህርት ቤት ግድግዳ አይቻለሁ። የአውራጃው ተማሪዎች የሮጡት ከሁሉ የፈጠነ ሰዓት፣ ከሯጩና ከአባቱ ስም ጋር በቀለም ተጽፎ የተሰቀለበት ሰሌዳ አለ። የኔ ተማሪ ከዚያ ሰሌዳ ይፈጥናል።

«ሰሌዳውን አይተኸዋል?» አልሁት።

«አየሁት፣ ጋሼ። አጎቴ ፈረስ ሊሸጥ ሲሄድ አብሬው ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ስምህ እዚያ ላይ እንዲጻፍ ትፈልጋለህ?»

በእግሩ ጣት አመዱን ቆፈረ። ከዚያ «የኔ ስም ምንም አይደለም» አለ። «አባቴን አላውቀውም። አጎቴ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ የአባት ስም ሲጠይቁት የራሱን ነው ያስጻፈው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ስሜ ቢጻፍ አጠገቤ የሚጻፈው የእሱ ነው።»

ነገሩ ይህ ነበር። ሚያዝያ ላይ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ዳንግላ ላይ ይወዳደራሉ። መቶ ሜትር ያሸነፈ ከጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ጋር ይሄዳል፤ ሰዓቱን የሰበረ ደግሞ ስሙ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። እሱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪ አይሆንም። ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ የወላጆች ቀን አደረግን። ዲሬክተሩ «ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የክብር ቦታ አዘጋጅ፤ ጥሩ አድርገው ይዩ» ብለው አዘዙኝ። እኔም አሰብሁበት። ሩጫ ከየት ቢታይ ነው የሚያምረው? ከመድረሻው። ስለዚህ የቀርከሃ ወንበሮቹን ሁሉ ሰብስቤ በክሩ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ደረደርኋቸው። ረድፉ ቀጥ እንዲል በገመድ አስተካከልሁት። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ። አጎቱም ከፊተኛው ረድፍ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ ኮርቻ ላይ ያሉ የሚመስሉ ሰው።

ፊሽካውን ነፋሁ። ተማሪዬ እንደ ልማዱ ያለ ድምፅ ወጣ። ከመንገዱ ግማሽ በኋላ አጠገቡ ሰው አልነበረም። እኔ ክሩ ጋ ሰዓቴን ይዤ ቆሜ ነበርና ፊት ለፊት አየሁት። ክሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ትከሻው ወደ ኋላ ሸሸ፣ እጆቹ ወረዱ፣ አንገቱን ደፋ። እርምጃው አጠረ። ከኋላው ባቱ እንደ ሙቀጫ የወፈረ አንድ የክፍል ጓደኛው እያለከለከ መጥቶ አለፈውና ክሩን በደረቱ በጠሰ። አሸናፊው ማሸነፉን አላመነም፤ ዞሮ የሚያባርረው ሰው ይኖር እንደሆነ አየ።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ «ልጓሙን ማን ሳበው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቃሉንም ልብ አላልሁትም።

ያን ቀን ከቀርከሃው ጥግ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆንህ?» አልሁት።

«እግሬ ተያዘ፣ ጋሼ።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። ተያዘ። እኔ አላዘዝሁትም።»

ማስረዳት ስለምወድ ማስረዳት ጀመርሁ። በራስ መተማመን ማለት ምን እንደሆነ ነገርሁት። ሰው ችሎታ ኖሮት እንኳ ሰው ፊት ሲቀርብ እንደሚጠራጠር፣ ጥርጣሬውም ከራሱ ወደ እግሩ እንደሚወርድ አስረዳሁት። ክሩ አሥር ሜትር ወዲያ የተወጠረ መስሎ እንዲታየው አልሁት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ጥሩ ሰሚ ነበር። በማግሥቱ ሰው በሌለበት ሜዳ አሮጥሁት፤ ክሩን እንደ ጥይት በጥሶ አለፈ። «አየህ፣» አልሁት፣ «የጎደለህ መተማመን ብቻ ነበር።» እኔም ራሴ አመንሁት።

ታኅሣሥ ላይ የጥሊሊ ትምህርት ቤት ሊገጥመን መጣ። ዲሬክተራቸውም የከተማቸውን ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኔም ወንበሮቹን እንደ በፊቱ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ አስተካክዬ በክሩ ግራና ቀኝ ደረደርሁ። ተማሪዬ ሁሉን ጥሎ መጣ፤ ከወንበሮቹ አቅራቢያ ሲደርስ ግን ትከሻው ሸሸ፣ አንገቱን ደፋ። የጥሊሊው ልጅ ቀደመው።

ማታ ወደ ቤቴ መጣ። ደጃፍ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ጋሼ፣ ዳንግላ ሌላ ሰው ይሂድ።»

«ለምን?»

«ፈሪ ነኝ መሰለኝ። ብቻዬን ስሆን አልፈራም፤ ሰው ሲኖር ግን እፈራለሁ። ይህ ፈሪ አይደል?»

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ይህን ቃል ስለ ራሱ ቀስ ብሎ አይናገረውም። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ የሒሳብ መልስ እንደሚናገር አድርጎ ተናገረው። «ዳንግላ የምትሄደው አንተ ነህ። ሌላ የለኝም» ብቻ አልሁት። ጨለማው ውስጥ እየሄደ ሳየው እንኳ እርምጃው አይሰማም ነበር።

ጥር ላይ የጊዮርጊስ ዕለት አጎቱ ጠሩኝ። አገው ምድር ጊዮርጊስ ያለ ፈረስ አይከበርም፤ ፈረስ ያለው ሁሉ በዚያ ቀን ጌጥ አልብሶ ያወጣል። ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር የቀርከሃ መደብ ተሠርቶ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ለኔም ከአጎትየው አጠገብ ቦታ ሰጡኝ። ባለቤታቸው ጠላ ሲቀዱልኝ እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ አዩ።

«መምህር፣ ያቺ ሰዓት ዛሬም አብራህ ናት?»

«አለች፣ እናቴ።»

«እኔ ስቀዳ እንዳትለካኝ። አርጅቻለሁ።»

«እሷን መለካት በሰዓት አይሆንም፣» አሉ አጎትየው፣ «በጣሳ ነው እንጂ።»

«አንተስ ብትሆን የምትለካው በምንድን ነው?» አሉ ባለቤታቸው። «በእንቅልፍ።»

እየሳቅን ሳለ ከሜዳው ማዶ ፈረሶች ተነሡ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር የሚመጡት። ተማሪዬ የአጎቱን ዳማ ባዝራ ይዞ ከመጀመሪያዎቹ ጋር መጣ። በኮርቻ ላይ ሳየው ያ ቀርከሃ ጥግ ያገኘሁት ልጅ አልመሰለኝም። ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ጥርሱን ገልጦ እየሳቀ መጣ። መሬቱ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። ሰዓቴን ከኪሴ አወጣሁ፤ ልማድ ነው።

ከዚያ አየሁት። መደባችን ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ትከሻው ወደ ኋላ ሸሸ፣ አንገቱን ደፋ። ልጓሙን ሲስብ እንኳ አላየሁም፤ ባዝራዋ ግን የእሱን ትከሻ ተከትላ እርምጃዋን አሳጠረች። በዝግታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ በፊታችን አለፈች። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣን። አጠገቡ ያለውም እንዲሁ አደረገ። ከኋላቸው የመጡትም እንዲሁ። ሃያ ፈረስ በዚያው ቦታ ላይ፣ የማይታይ አጥር ያለ ይመስል፣ ረጋ።

«አባቴ፣» አልሁ አጎትየውን፣ «እዚያ ጋ ሲደርሱ ሁሉም የሚያዘግሙት ለምንድን ነው?»

ጥያቄው አልገባቸውም። ባለቤታቸውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «በአባቶች ላይ ይጋለባል እንዴ? አቧራው፣ ጠጠሩ በማን ላይ ሊያርፍ ነው?»

«ማን አስተማረው?»

«ማንም። ከኔ ፊት ኮርቻው ላይ አድርጌው ነው ያሳደግሁት። እኔ ስዘግም ይዘግማል።»

ጠላዬን አስቀመጥሁ። በዓይኔ የመጣው ያ ሁለት ረድፍ ወንበር ነው፤ በገመድ ያስተካከልሁት።

ወዲያው አልነገርሁትም። ነገርን ሳላጣራ መናገር አልወድም። ሰኞ ዕለት ወንበሮቹን ባዶአቸውን ክሩ ጋ ደርድሬ አሮጥሁት፤ አልረጋም። ማክሰኞ ተማሪዎችን አስቀመጥሁባቸው፤ አልረጋም። ረቡዕ የትምህርት ቤቱን ሽማግሌ ዘበኛ ለምኜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቻቸውን እንዲቀመጡ አደረግሁ። ተማሪዬ እንደ ነፋስ መጥቶ ከዘበኛው አቅራቢያ ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

ዘበኛው ተቆጡ። «እኔን ሲያይ ነው እንዴ የሚደክመው? ምን አድርጌው ነው?»

ያን ጊዜ ሁለቱንም አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኋቸው። ፈረሶቹን፣ የኮሶውን ዛፍ፣ የወንበሮቹን ቦታ በተራ አስረዳሁ። ተማሪዬ ሲሰማ ቆየና ወደ ሜዳው ዞሮ ክሩን፣ ከዚያ ዘበኛውን፣ ከዚያ እግሩን ተመለከተ።

«ታዲያ ፈሪ አይደለሁም?» አለ።

«አይደለህም። ጨዋ ነህ።»

ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ከኮርቻ ወርዶ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዘበኛውም አብረው ሳቁና «እንግዲያው ልነሣልህ» ብለው ተነሡ።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብሎ የሚያስብ አለ። እኔም አስቤ ነበር። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ እግር ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ካወቀ በኋላም ቢሆን ዘበኛው ሲቀመጡ ትከሻው ይሸሻል። «አልፋለሁ ብዬ እመጣለሁ፣ ጋሼ፤ ስደርስ ግን ነውር ነውር ይለኛል» አለኝ። እንዳያከብር ላስተምረው አልፈለግሁም። ደግሞስ ማን ነኝና? ስለዚህ የቀረኝ መፍትሔ ወንበር ማዛወር ነበር። ዳንግላ ያሉትን ወንበሮች ግን የማዝዘው እኔ አይደለሁም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ አርብ፣ ዳንግላ ደረስን። ዲሬክተሩን፣ ተማሪዎቹንና እኔን የጫነን የእህል መኪና ነበር። አጎትየው ግን ከቀደመው ቀን ጀምረው በባዝራቸው ተጉዘው ደርሰዋል። ሜዳው ሰው ሞልቶታል። የፈራሁት አልቀረም፤ ከክሩ አጠገብ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ከሥሩ ወንበሮች ተደርድረዋል። የአውራጃው ገዢ፣ ባለሥልጣናት፣ የየአገሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከእንጅባራ የመጡ ሦስት አራት ሽማግሌዎችም አሉ። አጎትየውንም በክብር ከመካከላቸው አስቀምጠዋቸዋል።

ደረቱ ላይ ሪባን ያደረገውን አስተባባሪ ቀረብሁት።

«ጌታዬ፣ ወንበሮቹ ጥቂት ወደዚያ፣ ከክሩ ወዲያ ቢዛወሩ…»

«ለምን?»

«ሯጬ በአባቶች ፊት መሮጥ ነውር ይሆንበታል።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የት ነው የምታስተምረው?»

«እንጅባራ።»

«መምህር፣ ክቡርነታቸው መጨረሻውን ማየት አለባቸው። ሯጭህ ካፈረ ዓይኑን ይጨፍን።»

መነሻው ላይ ሯጮቹ ጉድጓዳቸውን ያበጃሉ። የዳንግላው ሯጭ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ደንዳና፣ ነጭ ካናቴራ የለበሰ፣ ሰው የሚወደው ልጅ። ተማሪዬን አየና ፈገግ አለ።

«የእንጅባራው፣ እንኳን ደህና መጣህ። ጥሊሊዎች ነግረውናል። ዛሬስ የት ላይ ነው የምትቆመው?»

«ከአንተ ወዲያ» አለ ተማሪዬ። ዓይኑ ግን ድንኳኑ ላይ ነው።

በድንኳኑ ጀርባ ዞሬ አጎትየው ዘንድ ሄድሁና ጎንበስ አልሁ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ተናገር።»

«እዚህ ከተቀመጡ ከርስዎ ፊት ይረጋል። እግሩ አያልፍዎትም። እባክዎ ይነሡልኝ፤ ከክሩ ወዲያ፣ እዚያ ባዝራዎ የታሰረችበት ጋ ይሁኑ።»

ገዢውን በዓይናቸው አመላከቱኝ። «እኚህ ሰው እያሉ ተነሥቼ ልሂድ? ምን ይሉኛል?»

«እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

«አንተማ ታስረዳለህ» አሉና በሹክሹክታ ሳቁ። መነሻው ላይ ያለውን ልጅ ተመለከቱ። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይለይም፤ አቋሙ ግን ይለያል። ምን እንዳዩ አላውቅም። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ለገዢው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ሄዱ። በማለፋቸው ለእንጅባራዎቹ ሽማግሌዎች በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ተነሥተው ተከተሏቸው።

አጎትየው ከክሩ ብዙ እልፍ ብለው፣ ከባዝራቸው አጠገብ ቆሙ። ሌሎቹ በዙሪያቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ ጸጥ ሲል አጎትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአገውኛ ተጣሩ። ከሜዳው ወዲያ ማዶ ተማሪዬ ቀና አለ። ኋላ ትርጉሙን ጠየቅሁት፤ «እኔ ዘንድ ና» ነው ያሉት። ልጅ ሲጠራ እንደሚባለው።

ይህን ቆይቼ ሳስበው የገባኝ ነገር አለ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩትም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሊረጋ ይችል ነበር። አሁን ግን አባቱ ጠርተውታል። የአባት ጥሪ ሰምቶ መንገድ ላይ መቆም ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብሁም። ክሩ አጠገብ ሰዓቴን ይዤ ቆሜ ነበር።

የአስነሺው ባንዲራ ወረደ። የዳንግላው ልጅ አነሣሡ ግሩም ነበር፤ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ እስከ ግማሽም መራ። ከዚያ የኔ ተማሪ ያለ ድምፅ አጠገቡ መጣ። ወደ ድንኳኑ ቀረቡ። ትከሻው እንደ ልማዱ ሊሸሽ ሲል አየሁት፤ እምላለሁ፣ አየሁት። ዓይኑ ግን ክሩን አላየም፣ ድንኳኑን አላየም፤ በኔም አናት ላይ አልፎ ሄደ። አንገቱን ደፋ፤ እግሩ ግን አልረጋም። ፈትሉ ደረቱ ላይ ተበጥሶ ጫፉ ጉንጬን ነካኝ። አልፎ ሄደ፣ ሄደ፣ አጎቱ ፊት ሲደርስ ብቻ ትከሻውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እርምጃውን አሳጥሮ ረጋ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለና ጉልበታቸውን ሳመ። ባዝራዋ አንገቱን አሸተተችው።

ሰዓት ያዦቹ ሦስት ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንቡ ሦስቱን ማስተያየት ነው። ሁለቱ ተስማሙ፣ ሦስተኛው ለየት አለ፤ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ከሦስቱ ከሁሉ የዘገየውን ሰዓት ያዙ። እሱም ቢሆን ሰሌዳው ላይ ካለው ያንስ ነበር። ይህን ልነግራቸው እየሮጥሁ ሄድሁ። እኔ ስሮጥ ድምፅ አለኝ፤ ከሩቅ ሰምተው ዞሩ።

«ሰበርኸው» አልሁት።

ተማሪዬ ወደ አጎቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ በአገውኛ ነገራቸው። ሰሌዳውን እየነገራቸው እንደሆነ ከእጁ አውቄአለሁ፤ በአየር ላይ ጻፈላቸው።

አጎትየው ወደኔ ዞሩ። «ስሜን ይጽፉታል ይለኛል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባቴ። ከስሙ ቀጥሎ።»

«እኔ እኮ አልሮጥሁም።»

«ይሁን፣ ይጻፍ» አለ ተማሪዬ። «መጥራቱን ጠርተኸኛል።»

አጎትየው የባዝራቸውን ኮርቻ ያስተካከሉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ኮርቻው ግን ልክ ነበር።

የዳንግላው ልጅም መጣ። ካናቴራውን በእጁ ይዞ ነበር። «ከኔ ወዲያ ያልኸው ይህን ያህል ወዲያ ነው እንዴ?» አለና ትከሻውን መታ አደረገው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የመጣንበት መኪና ለእህል ስለተፈለገ ሌሎቹ ተማሪዎች ከዲሬክተሩ ጋር ሌላ መኪና እየጠበቁ ቀሩ። እኔ ከተማሪዬና ከአጎቱ ጋር በእግር ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። በማለዳ ተነሣን። አጎትየው ልጁን በግድ ባዝራዋ ላይ አወጡት፤ እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግር፣ እኔም በጎን። ስንቅ አለን፣ ፀሐይዋ ገና ነው። በእንጅባራ መንገድ ያለችው አዲስ ቅዳም ገበያው ሳይበተን እንደርሳለን ብዬ አሰላሁ። ርቀቱን አውቀዋለሁ፤ የባዝራዋን እርምጃም ለክቼዋለሁ።

ያላሰላሁት ነገር ግን ነበር። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ድንች የጫነ ሽማግሌ ይመጣል፤ ተማሪዬ ወርዶ እጅ ይነሣል። ሁለት አሮጊቶች ይመጣሉ፤ ይወርዳል። አንድ ቄስ ይመጣሉ፤ ይወርዳል፣ መስቀል ይሳለማል። ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወርዳል። አጎትየው አንድ ጊዜ እንኳ «ተወው» አላሉትም። እንዲያውም ሽማግሌ ከሩቅ ሲያዩ ልጓሙን ቀድመው ላላ ያደርጉለታል። ከሁሉም ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ይነጋገራሉ። ስለ ሩጫው አንድም አልተናገሩም።

እንዲህ አድርገን፣ በአውራጃው ከሁሉ ከሚፈጥነው ሰው ጋር፣ አዲስ ቅዳም ስንደርስ ገበያው ተበትኖ ነበር።